ጀርባዬን የሚያውቅ ሰው

ለቀድሞ ወዳጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? አራት ዓመት ለ«ሰነበትክ» ይበዛል፤ ግን ሌላ ቃል አላገኘሁም። ጤናህስ? ጉልበትህ ደረጃ ስትወጣ አሁንም ይንቋቋል? የእናትህ ዓይን ተሻላቸው? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልቀጥል ነበር። ሦስት ወረቀት የቀደድኩት እዚያች ቃል ላይ ስደርስ ነው። ሳልጽፋት ልለፋት።

ባለቤትህ ደብዳቤውን ቀድማ ብትከፍተው አልከፋም። ታንብበው። የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም ከአንተ በቀር የሚያውቀው ሰው ስለሌለ ነው።

ያቺን ወፍ ታስታውሳታለህ። ጓደኛህ ኩሽናው ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀምጦ ግራ ትከሻዬ ላይ የነቀሰልኝን። ወፍ ብለን ዶሮ ሆና የወጣችውን። ነቃሹን ያኔ በምን መረጥነው? ጓደኛህ ስለሆነና ቅዳሜ ሥራ ስለማይገባ። ላለቅስ ስል አንተ፣ ግድ የለም፣ እንቁላል ትጥልልናለች አልክና አሳቅኸኝ።

ባለፈው ወር በላይዋ ሌላ ነገር አስነቅሼ ላጠፋት ወሰንኩ። ስለ ሠርግህ ከመስማቴ ጋር አይገናኝም። ሠርግህን የሰማሁት ማክሰኞ ነው። የወሰንኩት ሐሙስ ነው።

አሁንም እዚያው ስፌት ቤት ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ጀርባ እለካለሁ። ከትከሻ ትከሻ፣ ከአንገት ወገብ። ቆራጫችንን ታውቃታለህ፤ ከመቀሷ ምላሷ የሚብሰውን። ሐሳቤን ስነግራት፣ ለገበር ጨርቅ አንድ ሰዓት የምትፈጂ ሴት ቆዳሽን ለመጀመሪያው ሰው ልትሰጪ ነው? አለችኝ። ሦስት ቦታ ሂጂ። የዛሬ ሥራቸውን ሳይሆን የከረመውን አሳዩኝ በያቸው። እኛስ ያልታጠበ ጨርቅ እናምናለን? አለች።

የመጀመሪያው ሱቅ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ሙዚቃው ከደረጃው ጀምሮ ይሰማል። ልጁ እስከ አንገቱ ተነቅሷል። ያሳየኝ ፎቶ ሁሉ በዕለቱ የተነሣ፣ ቆዳው ገና ያበጠ፣ ቀለሙ የሚያብለጨልጭ ነው። የከረመ የለህም? ስለው፣ እህቴ፣ ሰው አንዴ ከሄደ ማን ይመለሳል? አለኝ። ወፏን አይቶ፣ ጥቁር ነብር ልሥራልሽ፣ ዶሮዋን ይበላልሻል አለ። ሳቅሁ። ወጣሁ።

ሁለተኛዋ መኖሪያ ቤቷ ውስጥ ነው የምትሠራው። ጠረጴዛዋ እንደ ክሊኒክ ንጹሕ ነው፤ የመርፌውን እሽግ ዓይንሽ እያየ ነው የምከፍተው አለችኝ። የከረመ ሥራም አላት፤ የአንድ ዓመት፣ የሦስት ዓመት፣ መስመሩ ያልፈሰሰ። እኔ የፈለግሁትን የአበባ ቅርንጫፍ እዚያው ሣለችልኝ። ጀርባዬን ስታይ፣ ይቺ ክንፏ ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ፣ ማርያም የሳመችሽ፣ የአበባዋ እምብርት ትሆናለች አለች። ነጥብ አለኝ እንዴ? አልኳት። የገዛ ጀርባሽን አታውቂውም የኔ ቆንጆ? አለችና ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። እንዲያውም ደስ አለኝ። ቀን ያዝኩ።

ቀን ይዤ ሳለሁ ወደ ሦስተኛው የሄድኩት ቆራጯ «ሦስት» ስላለች ብቻ ነው። ሁለት ብትል ኖሮ። ይህን ሳስብ እርሳሱን አስቀምጬ እንደገና አነሣዋለሁ።

ሦስተኛው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ከፀጉር ቤት ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ ወንበር፣ አንድ መብራት። መብራቱን ወደ ጀርባዬ አዙረው ጠጋ አሉ። የሆነ ቀዝቃዛ ነገር ቆዳዬን ነካኝ፤ ማስመሪያ ነበር። ከዚያ፣ ይሄን ሰው አይቶታል? አሉኝ። ምኑን? አልኩ። መብራቱን አጠፉ። እኔ እዚህ ላይ ቀለም አላደርግም አሉ።

ተናደድኩ። ካልቻሉ አልችልም ይበሉኝ እንጂ ነገር አያብዙ አልኳቸው። አዎ፣ እንዲህ አልኩ፤ በአባቴ ዕድሜ ላለ ሰው። አልተቀየሙም። ልጄ፣ ቀለም ከሸፈነው ሐኪምም አያየውም አሉ። ቀጥሎ ያሉትን አልረሳውም። የክንፏ መስመር ነጥቡ ሥር ገብቶ ይጠፋል፣ በወዲያ በኩል ይወጣል። ማንም ነቃሽ እንዲህ ያለ ነጥብ ሲያይ መስመሩን ያዞራል። ወይ የነቀሰሽ ሰው ዕውር ነው፣ ወይ ይሄ ነገር ያኔ እንዲህ አልነበረም አሉ።

ጓደኛህ ዕውር አልነበረም። እጁ ነው እንጂ።

ልብሴን ስለብስ ቁልፉን አዛንፌ ቆለፍኩት። እኔ፣ ልብስ ሰፊዋ። መንገድ ላይ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ በጀርባው በኩል አየሁት። ሁሉም ሸሚዝ ለብሷል። ከሸሚዙ ሥር ያለውን ማን ያውቃል?

ሐኪም ቤት ሄድኩ፤ ሐኪሟም ማስመሪያ አወጣች። ሰባት ሚሊ ሜትር። ጠርዙ የተበላ፣ ቀለሙ ሁለት ዓይነት። ከመቼ ጀምሮ ነው? አለችኝ። አላውቅም። አድጓል? አላውቅም። ከኋላዬ ነው፣ በምን ልወቀው? አልኳት። ቤት ውስጥ የሚያይልሽ ሰው የለም? አለች። ለክፋት አይደለም። ብዕሯን ይዛ መልሴን ትጠብቅ ነበር። ስለ በሽታው ከነገረችኝ ሁሉ ይልቅ ያቺ ጥያቄ ክው አደረገችኝ። ተቆርጦ ይመረመራል አለች፤ ያለዚያ ካንሰር ነው አይደለም ማለት አልችልም አለች። የድሮ ፎቶ ካለሽ ግን አምጪ፣ በምን ያህል ፍጥነት እንደተለወጠ ማወቁ ይጠቅመኛል አለች።

በማግስቱ ደንበኞች ልብስ የሚለኩባት ክፍል ገብቼ በሁለት መስታወት አየሁት። መጀመሪያ ወፏን አጣኋት። ቀጥሎ አገኘኋት። ከዚያ እሱን። የማን ጀርባ ነው? አልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ። ቆራጯ ከውጭ፣ ምን አልሽ? አለችኝ። ምንም አልኳት።

ፎቶ አንድ ነበረ። ያን ቅዳሜ፣ ገና እንደተነቀስኩ፣ ለእኔ ልታሳየኝ ያነሣኸኝ። ፀጉሬን በሁለት እጄ ወደ ላይ ሰብስቤ። ስንለያይ ፎቶዎቼን ሁሉ አጥፋልኝ ብዬ ለመንኩህ፣ አንድም አላስቀረሁም ብለህ ማልክልኝ። አመንኩህ። አሁን ዋሽተኸኝ ቢሆን ብዬ እመኛለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ዋሽተኸኝ ከሆነ፣ ያን ቀን ይሁን።

ፎቶው ከሌለ ዓይንህ አለ። ከዓይንህም እጅህ ይሻላል፤ እጅህ ያን ቦታ ያውቀዋል። ከተነቀስኩ በኋላ አብረን በቆየንበት ሁለት ዓመት ነጥቡ ምን ያህል ነበር? የምስር ፍሬ? የሸሚዝ ቁልፍ? ለስላሳ ነበር ወይስ ይሻክራል? ይህን ብቻ ጻፍልኝ። እንዴት ነሽ አትበለኝ። አይዞሽም አትበለኝ።

ምንም ካልነበረም፣ ምንም አልነበረም ብለህ አትጻፍልኝ። ባዶ ፖስታ ላክ። ይገባኛል።

የሚቆርጡልኝ የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው ረቡዕ ነው፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ የመንግሥት ሆስፒታሉ ሁለተኛ ፎቅ። ይህን የጻፍኩልህ ፎቶው ካለና በፖስታ የማይደርስ ከሆነ የት እንደምገኝ እንድታውቅ ነው። መዝጋቢዋ፣ ብቻሽን አትወጪም፣ ቤት የሚያደርስሽ ሰው አለሽ ወይ? አለችኝ። አለኝ አልኳት። ስሙን ስትጠይቀኝ፣ የዚያን ቀን አስሞላለሁ ብያት ወጣሁ።

ለእናትህ የዓይናቸውን ብርሃን ያብዛላቸው። ትዳርህን የሰመረ ያድርግልህ፤ ከልቤ ነው። አንድ ነገር ደግሞ፣ አትሳቅብኝ፤ በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ ቁምና ጀርባህን ለባለቤትህ አሳያት። ቀስ ብላ ትየው። ጀርባህን የሚያይልህ ሰው አያሳጣህ።

የቀድሞ እጮኛህ