«ንጹሕ ተርታ» የሚለው ሰሌዳ ስለተሰቀለበት በር

ለተከበሩ የአካባቢያችን የጤና ደንብ ማስከበርና የንግድ ድጋፍ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎና በቢሮዎ ደጃፍ የእጅ ማጽጃ ይዘው የሚቆሙት ዘበኛ ሳይቀሩ እንደምን ሰነበታችሁ? ጤናችሁን አጥብቄ የምጠይቀው ለወጉ ያህል አይደለም። በእኛ መንገድ ጤና በትእዛዝ የሚገኝ ነገር ከሆነ ሰንብቷል፤ ለታዛዡ የደረሰው ሁሉ ለአዛዡም ሳይጓደል እንዲደርስ ከልቤ እመኛለሁ።

እኔ ከገበያው በስተጀርባ ባለው ተርታ የሴቶች ፀጉር የምሠራ ነጋዴ ነኝ። ከግራዬ ታናሽ ወንድሜ ቁልፍ ይቀርጽ ነበር። ከቀኜ ልብስ ሰፊው ጋሼ አሉ፤ ከእሳቸው ቀጥሎ፣ ጫፉ ላይ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ እትዬ አሉ። ሱቆቻችንን የሚለያቸው ኮምፔንሳቶ ብቻ ስለሆነ አንዳችን ስናስነጥስ ከወዲያ በኩል «ይማርሽ» የሚል አናጣም። ይህን የምነግርዎ ያለ ምክንያት አይደለም።

አንደኛ፣ ስለ ደንቡ ላመስግንዎ። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ ሲሉን ሸፈንን። ተራራቁ ሲሉን ከፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰው ሲያሙ የሚውሉትን ደንበኞቼን አንድ በአንድ በቀጠሮ አደረግኋቸው፤ ሐሜቱ ቀዝቅዞ ገቢዬም አብሮት ቀዘቀዘ። አላማረርኩም። በሽታው የለም፣ ወሬ ነው ከሚሉት ወገን አይደለሁም፤ መኖሩን ከእርስዎ ቢሮ በተሻለ አውቃለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ድጋፉ። ሱቆቻችን ተዘግተው በከረሙበት ወቅት ጋሼ የሰው ልብስ መስፋቱ ቀርቶባቸው የገዛ ሱሪያቸውን ወገብ ያጠብቡ ነበር፤ ሰውነታቸው ከልብሱ ቀድሞ እያለቀ ስላስቸገራቸው ነው። እንዲህ ባለንበት ሰዓት እርስዎ በአዳራሹ ሰብስበው ያሰሙን ንግግር እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። በሽተኛ የተገኘበት ተርታ ከዳር እስከ ዳር ይታሸጋል፣ ድጋፉም ይቋረጣል፤ በሽተኛ ያልተገኘበት ተርታ ግን የኪራይ እፎይታና የሥራ ማስኬጃ ያገኛል አሉን። «እያንዳንዳችሁ የጎረቤታችሁ ጠባቂ ናችሁ» ብለው ሲቋጩ መዳፋችን እስኪቀላ አጨበጨብን። ልብ ይበሉ፤ «በሽተኛ የሌለበት» አላሉም፣ «ያልተገኘበት» ነው ያሉት። የዚያን ዕለት የቃሉ ክብደት አልገባንም ነበር።

ሦስተኛው ጉዳይ ረዘም ስለሚል ወንበርዎን አመቻችተው እንዲያነቡት በትሕትና እለምናለሁ።

ወንድሜን ሰፈሩ «ደቂቃ» ነበር የሚለው። ቁልፍ ሊያስቀርጽ የመጣውን ሰው ሁሉ «አንድ ደቂቃ ብቻ» እያለ ግማሽ ቀን በጨዋታ ስለሚያስቀምጠው ነው። እናታችን ስትሞት እኔ እጅ ላይ የቀረ ልጅ ነበር፤ አሳድጌው፣ ሱቅ ከፍቼለት፣ ሚስት እስኪያገባ እየጠበቅሁት ነበር። ድጋፉ ሊለቀቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ማሳል ጀመረ።

ወዲያው መዝጊያውን አውርድና እንመርመር አልኩት። ግድግዳችን ግን ምን ዓይነት እንደሆነ ነግሬዎታለሁ። ነጠላዬን ለብሼ ሳልወጣ ጋሼና እትዬ በሬ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«እኔ ክፉ አልመኝለትም፣ ልጄ ማለት ነው» አሉ ጋሼ መሬት መሬቱን እያዩ። «ግን ከታሸግን የባለቤቴን መድኃኒት በምን እገዛለሁ? አንድ ቀን ቢቋረጥባት አትቆይልኝም።»

እትዬም ተከተሉ፦ «ዱቄቱን በብድር ነው ያስገባሁት። እስከ ሰኞ ብቻ ይታገስልን፣ በሞቴ!»

«ሳል ቀጠሮ ይሰጣል እንዴ?» ብዬ ጮህኩባቸው።

ይህን ጊዜ ወንድሜ ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ሆኖ፣ «ኧረ ተያቸው እቴ! የብረት ብናኝ ነው፣ ያልፋል። በእኔ ጦስ የእትዬ ምድጃ ጠፍቶ ማየት አልፈልግም» አለ። ሰዎቹን ከበሬ ማባረር እችል ነበር፤ እሱን ግን ከሱቁ ማስወጣት አቃተኝ።

ጎረቤቶቼን ክፉ አድርገው እንዳያስቡብኝ። እትዬ በየማለዳው ትኩስ ሾርባ በሩ ላይ ያኖሩለት ነበር። ጋሼ ሦስት ድርብ መሸፈኛ ሰፍተው ሰጡት። እርስዎ እንዳዘዙት እየጠበቁት ነበር፤ እንዲድን ጥቂት፣ እንዳይሰማ በጣም።

ከዚያ ተቆጣጣሪዎ መጡ። ወጣት ናቸው፣ ጨዋም ናቸው። ከእኔ ቤት ገብተው ቀጠሮ መያዣዬን እያዩ ሳለ በግራ በኩል ሳሉ ሊመጣ ሲል ተሰማኝ። ወንድሜ ማሽኑን አስነሣ። የቁልፍ መቅረጫ ማሽን ድምፅ ሰምተው የሚያውቁ እንደሆነ፣ ጥርስ ውስጥ የሚገባ ፉጨት ነው። ማሽኑ ጮኸ፣ እሱ ከጩኸቱ ሥር አሳለ፤ ሳሉ ሲያቆም ማሽኑን አቆመ። እንደገና አስነሣ። ተቆጣጣሪው በሱ በር ሲያልፉ ጠረጴዛው ላይ የተቆለለውን አዲስ ቁልፍ ያዩ ይመስለኛል፤ የማንንም በር የማይከፍት፣ ለሳል መሸፈኛ ብቻ የተቀረጸ ቁልፍ። ጥቂት ቆሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው በለሆሳስ፣ «ማሽኑን ዘይት ቀቡት፤ ያስላል» አሉኝና ፈርመው ሄዱ።

በሽተኛ ካገኙ የእሳቸውም የሥራ ምዘና እንደሚጎድል የሰማሁት በኋላ ነው። ለዚህ አርቆ አሳቢነትዎ ያለኝን አድናቆት በምን ቃል ልግለጸው? አንዱን ዝምታ በሌላው ዝምታ ላይ እንደ ጡብ ደርድረው፣ ማንም ብቻውን ሊያፈርሰው የማይችለው ግድግዳ ሠርተዋል።

ሰኞ መጣ። ድጋፉ ግን ለሚቀጥለው ሳምንት ተላለፈ። ወንድሜ መቆም ያቃተው ያኔ ነው።

አምቡላንስ ብጠራ በየትኛው በር እንደሚቆም ተርታው ሁሉ ያያል፤ ከኋላው ቢጫ ሪባን ይዘው የሚመጡት ሰዎችም አይቀሩም። ስለዚህ ሰው ባልደረሰበት ዘዴ ወሰድነው። ጋሼ ደንበኛ ያላነሣውን ጥቁር ሙሉ ልብስ አምጥተው አለበሱት፤ ወገቡ ላይ በመርፌ ቁልፍ ጠበብ አደረጉለት። እኔ ፀጉሩን አበጠርኩለት። በቀኝ እሳቸው፣ በግራ እኔ ሆነን፣ ሰርግ እንደተጠራ ሰው አስመስለን አወጣነው። ከበሩ እስከ መኪናው ድረስ አንድ ጊዜም አላሳለም፤ ትንፋሹን ይዞ ነው የሄደው። የመንገዱ ጥበቃ «ደቂቃ፣ ዛሬ ደግሞ ሙሽራ ሆነሃል!» ሲለው ሣቀለት። መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩ ሲዘጋ የወጣውን ድምፅ ግን ለእርስዎ ለመጻፍ ቃል የለኝም።

ወደ ሌላ ሰፈር ሐኪም ቤት፣ በአክስታችን ልጅ አድራሻ አስመዘገብነው። ሥራው ሲጠየቅ «የለኝም» አለ። ሐኪሟ ሰሞኑን ከማን ጋር እንደዋለ ስትጠይቀው «ከማንም» አላት። በዕድሜው አንድ ቀን እንኳ ብቻውን ውሎ የማያውቀው ወንድሜ ነው እንዲህ ያለው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ አላረምኩትም። በዚህ የተነሣ በዚያ ሳምንት ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ሲያወጉ የዋሉትን ሰዎች የፈለጋቸው የለም፤ ማንም አልነገራቸውም።

ሳምንቱ ሳያልቅ ሞተ። ሐኪሟ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብታመጡት…» ብላ ጀመረችና ፊቴን ስታይ ተወችው።

የቀበርነው የሌላ ሰፈር ሰው ሆኖ ነው። በማግስቱ ተርታችን ለሐዘን እንዳይዘጋ፣ ከተዘጋም ለምን እንዳይባል፣ ሁላችንም በሰዓታችን ከፈትን። የመጀመሪያ ደንበኛዬን ፀጉር እያጠብኩ ሳለሁ ቀና ብላ «ዓይንሽን ምን ነካው?» አለችኝ። «ሻምፑ ገብቶበት ነው» አልኳት።

አራተኛው ምስጋናዬ ስለ ሽልማቱ ነው። ክቡርነትዎ በግንባር መጥተው፣ ፈገግታችን እንዲታይ መሸፈኛችንን አስወልቀው፣ አስጠግተው ፎቶ አስነሥተውናል። «ንጹሕ ተርታ» የሚለውን አረንጓዴ ሰሌዳ የሚሰቅሉበት ቦታ ሲያማርጡ ዓይንዎ የተዘጋ አንድ በር ላይ አረፈ፤ ሰፊና ባዶ ነው፣ ለዕይታም ያመቻል ብለው አዘዙ። ምስማሩ ሲመታ ድምፁ በኮምፔንሳቶው አልፎ መስታወቴን አንቀጠቀጠው። «የዚህስ ባለቤት የት ሄዶ ነው?» ብለው ሲጠይቁ ጋሼ «መንገድ ሄዷል» አሉዎት። እርስዎም «ሲመለስ እንኳን ደስ አለህ በሉልኝ» አሉ። አደራዎን እስካሁን አላደረስንም፤ ይቅርታዎን እንጠይቃለን።

አሁን ስላለንበት ልንገርዎ። እትዬ ለምድጃ ጥገና የሚል ወረቀት ለጥፈው ዘግተዋል፤ ምድጃው ግን ደህና ነው። ጋሼ የልብስ መስፊያቸውን ጨርቅ ሳያስገቡበት ሲያንቀሳቅሱት ይውላሉ። ከማዶ ያለው ተርታ ሬዲዮ እላይ ድረስ ከፍቶ ነው የሚሠራው። ወፍጮ ቤቱ እህል ሳይገባበት ይዞራል። ባለፈው ሳምንት እርስዎ ለጋዜጠኞች «ገበያው ድምፁ ተመልሶለታል» ሲሉ ሰማሁ። እውነትዎን ነው፤ እንዲህ ጮኾ አያውቅም። መብራት ሄዶ ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ዝም ያለ ዕለት ግን ከመንገዱ መካከል ቆመው ቢያዳምጡን ደስ ይለኛል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም፦

፩. «ታምሜአለሁ» ብሎ ራሱ የመጣ ሰው ድጋፉ አይቋረጥበት፣ ጎረቤቱም በሱ ምክንያት አይታሸግ። ድጋፍ የሚያስፈልገው በዚያው ቀን ነው።

፪. በዚያ ሰሞን ከወንድሜ ዘንድ ቁልፍ ያስቀረጻችሁ ሁሉ፣ ለሁሉም በማወጣው በዚህ ግልጽ ደብዳቤ እኔ ነግሬአችኋለሁ፤ ተመርመሩ፣ ቤተሰባችሁንም አስመርምሩ። ይህን መንገር የቢሮዎ ሥራ ነበር፤ ሥራዎን በመሻማቴ አይቀየሙኝ።

፫. ሰሌዳውን ከበሩ ላይ ያንሡልኝ።

ይህን ሳወጣ ተርታችን እንደሚታሸግ አውቃለሁ። ስለዚህ ከመላኬ በፊት በግድግዳው በኩል ለጋሼ አነበብኩላቸው። ማሽናቸውን አቁመው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ሳይደብቁ አሳሉ። ከዚያ «ላኪው ልጄ» አሉኝ። «የባለቤቴን መድኃኒት ነገር ግን ጨምሪበት።» ይኸው ጨምሬዋለሁ፤ እርስዎም ማሸጊያውን ሲልኩ መድኃኒቱን አስቀድመው ይላኩ።

በልዩ አክብሮት፣ በሩቁ እጅ በመንሣት፣ ሱቄን አጽድቼና በሬን ከፍቼ ሰዎችዎን እየጠበቅሁ፣

ለጤናችን ሲባል ዝም ካሰኟቸው ነጋዴዎች አንዷ፣
ፀጉር ሠሪዋ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው ከቢሮዎ አንድ መልእክተኛ መጣ፤ ለሌሎች ተርታዎች ልምድ እንዳካፍል የሚጋብዝ ደብዳቤ ይዞልኝ ነበር፤ ስላከበሩኝ አመሰግናለሁ። ልጁ ደጃፌ ላይ ቆሞ ሳል ያዘው፤ የበሩን መቃን ይዞ እስኪለቀው ጠበቅሁት። ከመቼ ጀምሮ ነው ብዬ ስጠይቀው ግራ ቀኙን አየና «እባክሽ እህቴ፣ አለቃዬ እንዳይሰሙ» አለኝ። ወንበር ላወጣለት ስል ግን ለእርስዎ በእጅ የሚሰጥ ሌላ ወረቀት እንዳለው ነግሮኝ ተቻኩሎ ሄደ።