ባለቤቴን በመስቀል ያስማልሁበት ቀን

ጥቅምት ፲፱ ቀን ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.፣ መንዝ

ዛሬ በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ሁሉም ተቀምጦ ሳለ ባለቤቴ ብቻዋን ቆማ ዋለች። ጎረቤታችን «ምነው እቴ፣ ሹመት ሊሰጡሽ ነው እንዴ?» ብላ አሳቀችባት።

እቤት ስንገባ ምክንያቱን ጠየቅኋት። ብልቷ አብጦ ያሳክካት ከጀመረ ሦስት ሳምንት እንደሆነው አንገቷን ደፍታ ነገረችኝ። በገበያ ቀን መሐል ሜዳ ጤና ጣቢያ ተደብቃ ሄዳ ኖሯል፤ ቅባት ሰጥተዋታል፣ ምክንያቱን ግን አላወቁትም።

በቁርባን ያገባ ካህን ሚስቱ ብትወሰልት ክህነቱ ያበቃል። እኔም ከሁሉ አስቀድሜ መስቀሌን አውጥቼ፣ ሌላ ወንድ እንዳላወቀች አስማልኋት። ሳታመነታ ማለችና መስቀሉን ተሳለመች። ከዚያም ቀና ብላ፣

«ማልሁልዎ። አሁን ደግሞ ስለ ሕመሜ ይጠይቁኝ» አለችኝ።

አፈርሁ። ነገ ደብረ ብርሃን ሐኪም ዘንድ እንደምወስዳት ብቻ ነገርኋት። ምን ያህል እንደሚያማት፣ እንቅልፍ ይወስዳት እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ሃያ ዓመት የሰው ኑዛዜ ስቀበል ቃል ቸግሮኝ አያውቅም ነበር። ዛሬ ለገዛ ሚስቴ «እንዴት ነሽ?» ማለት አቃተኝ።