ሳልድን «ድናለች» ብላችሁ ስለጻፋችሁልኝ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ወንበርዎ ለወገብዎ እንደሚመችዎት፣ ስብሰባ ሲረዝምም እንደማይቆረቁርዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ይህን የምጽፍልዎ ቆሜ ነው። ዳሌዬ ውስጥ የገባው ሕመም መቀመጥ ከከለከለኝ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ልብስ ሰፊ ነኝና፣ ባለቤቴ የእጅ ስፌት መኪናዬን ሣጥን ላይ ከፍ አድርጎልኝ ቆሜ እሰፋለሁ።

ውለታችሁ ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብኝ በቁጥር ላስቀምጠው።

አንደኛ፣ ስለ ምክራችሁ። የመጀመሪያው ሐኪም ስትወልጂ ይተውሻል አሉኝ፤ ወለድኩ። ሁለተኛው ከወሊድ የመጣ ነው አሉኝ። ሦስተኛዋ፣ ሴት ስለሆኑ አንጀታቸው ይራራልኛል ብዬ ተስፋ የጣልኩባቸው፣ ምርመራው ምንም አያሳይም ብለው ሐሳብ እንዳላበዛ መከሩኝ። እኔ ምክሩን ሰምቻለሁ፤ ሕመሙ ግን አልሰማም።

ሁለተኛ፣ ስለ መነጽሩ፤ ይሄኛው ምስጋና ከልቤ ነው። ባለፈው ዓመት ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚሉትን፣ ዓይንን ጥርቅም አድርጎ የሚሸፍን መነጽር እንደኔ ላሉ ሴቶች አመጣችሁ። ነርሷ «እህቴ፣ ትንፋሽሽን ብቻ ተከተይ» ብላ አጠለቀችልኝ። ወዲያው ሐይቅ ላይ ነበርኩ፤ ጀልባዋ ቀስ እያለች ስትሄድ አንድ ለስለስ ያለ ድምፅ ሆዴን እንዳላላ፣ ዳሌዬን እንድለቀው ይነግረኛል። መነጽሩ ሲወልቅ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንደነበር አየሁና አለቀስኩ። በመጀመሪያው ቀን እፎይታው እስከ በሩ ድረስ ሸኘኝ፤ በአራተኛው ታክሲ ተራ ድረስ። ቢቀጥል ኖሮ አንድ ቀን ቤቴ አብሮኝ ይገባ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ፍጥነታችሁ። በዚያው በአራተኛው ቀን ሕመሜ ከአሥር ስንት እንደሆነ ስጠየቅ፣ ስገባ ስምንት የነበረው ሦስት ሆኖልኝ ነበርና ሦስት አልኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ሰምቼ ስላደግሁ፣ ሻል ማለቱንም መደበቅ ነውር መሰለኝ። ታክሲው ሳይንቀሳቀስ ስምንቱ ተመለሰ፤ የእናንተ መዝገብ ግን በሦስት ተዘጋ። በሳምንቱ ስመጣ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ «እትዬ፣ እንኳን ደስ ያለዎት፣ ድነዋል እኮ!» አለኝ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይም ሰባት ሴቶች ጀምረው ሰባቱም እንደዳኑ፣ ታካሚ ስለጠፋም መሣሪያው ቁም ሣጥን እንደገባ ተለጥፏል። ከሰባቱ አራታችን ይህን ያነበብነው ለማስታገሻ ክኒን መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ተሰልፈን ነው።

ክቡር ሆይ፣ ደክሞኛል። መነጽር ከሥሩ ነቅሎ እንደማያድን አላጣሁትም፤ ፈውሱም ሌላ ጊዜ ይሁንልኝ። የምለምንዎ በሳምንት አንድ ቀን ሃያ ደቂቃ እንድቀመጥ ብቻ ነው። የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ማዞር ለመሥሪያ ቤቱ ከባድ ሥራ ካልሆነ፣ መዝገባችን ተከፍቶ ወደ ሕመማችን እንድንመለስ ይፍቀዱልን።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ዝቅ ብዬ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ዝቅ ማለቱም ስለሚያመኝ በሐሳብ ብቻ እንዲቀበሉኝ እለምናለሁ፤

በመዝገብዎ የዳነች፣ በቤቷ የምትታመም፣ ደንበኞቿ «ቆማ ሰፊዋ» የሚሏት ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አመመኝ ስል ማስረጃ አምጪ አላችሁኝ፤ አንድ ቀን ሻል አለኝ ስል ግን በቃሌ አመናችሁኝ።