ያችን ብልቃጥ የከፈትኋት እኔ ነኝ

መኩሪያዬ፣

ወባ አንተን ከነጠቀችኝ ይኸው ዓመት ከአራት ወር ሆነህ። ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። እኔ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ደህና ነኝ እላለሁ፤ አንተን ማታለል ግን ከእንግዲህ ደከመኝ።

ወሬ እንደምወድ ታውቃለህና የቤቱን ላስቀድም። ልጃችን ሰላም ስምንተኛ ክፍል ገባች፤ እግሯ ያንተን ስለወሰደ የሚሆናት ጫማ ጠፍቷል። የጓሮው ዘይቱን ዘንድሮ እንደ ጉድ አፈራ። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ከኋላ ተቀምጠህ የምታንቀላፋባትን ወንበር አንድ ተናጋሪ ሰው ይዟታል፤ እሱ ከመጣ ወዲህ በጊዜ ወደ ቤት የገባንበት ቀን የለም። ፍሪጁም እንደ ሽማግሌ እየሳለ አለ። የመጣሁበት ጉዳይ የእሱ ነው።

በማለዳ ከቄራ የበሬ ልብ በባልዲ ይዘህ፣ ከዓሣ አስጋሪዎቹ በለመንኸው በረዶ ሸፍነህ፣ በብስክሌት ስታልፍ የሰፈራችን የፋሲሎ ሰው ይስቅብህ ነበር። እኔም እስቅ ነበር። አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ነገሩን አስረዳኸኝ። በሰውነታችን ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ዓይን የማያያቸው ምድጃዎች አሉ፤ የበላነው እዚያ ይነዳል፤ ልብ ደግሞ በእነሱ የተሞላ ነው፤ ከሚያነዱት ፕሮቲኖች አንዳንዶቹ ብረትና ድኝ ተሸክመዋል፤ ቡናማ የሆኑትም ለዚህ ነው አልኸኝ። ለመተንፈሳችን የሚያገለግለው ነገር ራሱ፣ ከቦታው ወጥቶ አየር ካገኘው ይፈርሳል አልኸኝ። ገብቶኝ ነበር፣ መኩሪያ። አልገባኝም ነበር ብዬ እንኳ ማምለጥ አልችልም።

የምታስተምርበት ኮሌጅ ፍሪጅ ተበላሽቶ መለዋወጫ ሲጠፋ ያችን ብልቃጥ ቤት አመጣሃት። የስንት በሬ ልብ ተጣርቶ ተጣርቶ የወጣው ቡናማ ፕሮቲን፣ ጣት በማታህል አንዲት ብልቃጥ። አየሩን አስወጥተህ፣ አፏን በጎማ ደፍነህ፣ በሰም አሽገሃታል። በማግስቱ ባልደረባህ ይዟት ውጭ አገር ሊበር ነው፤ እዚያ ያሉት ምሁራን መርምረው ካመኑባት ለትምህርት ሊቀበሉህ ቃል ገብተዋል።

ረመዳን ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ እንደ ልማዳቸው ለማፍጠሪያ በረዶ ሊወስዱ ከምራታቸው ጋር መጡ። ብልቃጧን ሲያዩ፣ በሬውን ትቶ ልቡን ብቻ የሚያስቀምጥ ባል ያገባሽው አንቺ ብቻ ነሽ ብለው ቀለዱብኝ። እልህ ያዘኝ። ወደ መስኮቱ ወስጄ አሳየኋቸው፤ ጥቁር ሻይ መስላ ታምር ነበር። ምራትየዋ ደግሞ ትሸት ይሆን ወይ አለች። ሰሙን በጥፍሬ ልጬ ከፈትኋት። ሦስታችንም በየተራ አሸተትን። ምንም አትሸትም። ሲሄዱ ከሳጥኔ ጧፍ አወጣሁና አቅልጬ መልሼ አሸግኋት።

ጠዋት ወደ ብርሃን ስታነሣት ነጥታ ገለባ የነከሩበት ውሃ መስላለች። እኔን አልጠረጠርህም። መዳፎችህን ዘርግተህ አየሃቸውና «እጄ ነው» አልህ፤ «እጄ ለዚህ ሥራ አይሆንም።»

እኔ ያኔ ቁርስ አቅርቤ እያስታጠብሁህ ነበር። በዚያው እጅህ ላይ ውሃ እያፈሰስሁ አንዲት ቃል አልወጣኝም።

ከዚያ ወዲህ ቄራ አልሄድህም፤ ባልዲውም የልብስ ማጠቢያ ሆነ። ወንዛዬ ፍል ውሃ የሄድን ጊዜ ልነግርህ ቆርጬ ነበር። ከውሃው ወጥተህ ስትስቅ ሳይህ፣ ደስታውን አላበላሽበትም አልሁ። ውሸቴን ነው፤ ፈርቼህ ነው። ለጎረቤት ወሬ የማያልቅብኝ ሴት አንዷን ወሬ ላንተ ነፈግሁህ።

ባለፈው ሳምንት ተማሪህ የነበረው ታደለ መጣ። አሁን በቦታህ የሚያስተምረው እሱ ነው። ሥራህን ልቀጥለው ብሎ የምርምር ደብተርህን ጠየቀኝ። ከመስጠቴ በፊት ገለጥሁት። በዚያ ቀን ገጽ ላይ፣ «የእጅ ጉድለት፤ ዘዴው አያስተማምንም» ብለሃል። ታደለ ይህን ቢያነብ የደከምህበትን ሁሉ ሊጥለው ነው።

ብዕር አነሣሁ። ከጽሕፈትህ ሥር፣ «ብልቃጧን የከፈትኋት እኔ ባለቤቱ ነኝ፤ ዘዴው ደህና ነው» ብዬ ፈረምሁ። እትዬ ዘሃራም ሲሰሙ አለቀሱና፣ እኔም አሽትቻለሁ ብለው ከሥሬ ፈረሙ።

ታደለ አነበበው። አልወቀሰኝም። ባልዲው የት ነው ብሎ ብቻ ጠየቀ። አጥቤ ሰጠሁት።

አሁን በማለዳ በብስክሌት በደጃችን ያልፋል። ባልዲው ሲንኳኳ በሰማሁ ቁጥር አስብሃለሁ። ለሚጠይቀኝም ለማይጠይቀኝም እናገራለሁ፦ እጅህ ደህና ነበር፣ መኩሪያዬ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ባለቤትህ የሺ