የምሽቱ ሁለት ሰዓት

ደብረ ታቦር፣ ኅዳር ፳፬ ቀን ፳፻፲፩ ዓ.ም.

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እምዬ? ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? የላክሁልሽን ቅባት እየተቀባሽው ነው ወይስ እንደ ልማድሽ ለባሰ ቀን ብለሽ ሣጥን ውስጥ ቆለፍሽበት? ቡሬዋ ላም ወለደች ወይ? ገብሱስ ተሰበሰበ? እኔ አምላክ ይመስገን በጣም ደኅና ነኝ። ከናፍቆትሽና ከዚህ ከተማ የጧት ብርድ በቀር ያስቸገረኝ ነገር የለም።

በስልክ መናገር ስትችል ምን አስጻፋት ትይ ይሆናል። በስልክማ በላሽ ወይ፣ ሞቀሽ ወይ ብለሽ ሳትጨርሺ መስመሩ ይቋረጣል። ደግሞም ስልኩ በጮኸ ቁጥር አባዬ ጋቢያቸውን አንሥተው እንደሚወጡ አውቃለሁ፤ የበሩ ድምፅ ይሰማኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ በወረቀት ይሻላል ብዬ ጻፍሁ። ጥሩወርቅ ቅዳሜ ለገበያ ስትመጣ በእጇ እልከዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። አንብቢልኝ ብለሽ ለየሺ ልጅ እንዳትሰጫት። ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ነገር ግን ያልገባትን እየዘለለች ነው የምታነበው። ቤት ውስጥ ዳዊት የሚደግሙ ሰው እያሉ የጎረቤት ልጅ ማስቸገርም ደግ አይደለም። የሚያስቆጣ ቦታ ላይ ሲደርሱ ተቆጥተው ይቀጥሉ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ይነበብልሽ።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ። እንደምታውቂው ትምህርት ቤታችን ውስጥ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ረዳት ነኝ። ዕቃውን አወጣለሁ፣ ጠርሙሱን አጥባለሁ፣ ቆልፌ እወጣለሁ። በመስከረም መጨረሻ አዲስ አበባ ካለ አንድ ማኅበር ደብዳቤ መጣልን። ማኅበሩ ለገጠር ከተማ ትምህርት ቤቶች ቴሌስኮፕ ይሰጣል። ቴሌስኮፕ ማለት የሰማዩን ሩቅ ነገር አቅርቦ የሚያሳይ ትልቅ መነጽር ነው። ይኸኛው በኮምፒውተር የሚታዘዝ ነው፤ የኮከቡን ስም ስትነግሪው ራሱ ዞሮ ያነጣጥርበታል። ታዲያ ዕቃው ከመላኩ በፊት የሚያዝዘው ሰው እንዳለን ማሳየት ነበረብን።

ቴሌስኮፑ ሳይኖር እንዴት ይታያል ትይኝ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር ያልሁት። ለዚህ የሚሆን የማስመሰያ ፕሮግራም አለ። አንዱ ፕሮግራም ሰማዩን በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ይስላል፤ ሌላው ደግሞ ሳይኖር ቴሌስኮፕ ነኝ ይላል። ዙር ስትዪው ዞርሁ ይላል፤ የት ነህ ስትዪው እዚህ ነኝ ብሎ በሥዕሉ ላይ ያሳይሻል። በዚህ እጁን ያፍታታ ሰው እውነተኛው ሲመጣ አይደናገርም፣ ትእዛዙ አንድ ነውና።

ዲሬክተራችን አቶ ይሻው መምህራኑን ሰብስበው ማን ይይዘዋል ብለው ጠየቁ። ሁሉም ክፍለ ጊዜ በዝቶብናል አሉ። እኔ ጥግ ቆሜ ነበር፤ እጄን አወጣሁ። አንድ መምህር ጠርሙስ አጣቢዋ ኮከብ ልትቆጥር ነው ብሎ ሳቀ። አቶ ይሻው አልሳቁም፣ ግን አላመኑኝምም። “ኅዳር ዐሥራ ስምንት መርማሪ ትመጣለች። እስከዚያ ካልሆነልሽ ለሌላ ይስጡት ብዬ እጽፋለሁ” አሉኝ። እሺ አልሁ።

የተሰጠኝ ኮምፒውተር አሮጌ ነው፤ ሲነሣ እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል። የጥገና ባለሙያችን ደሞዜ ቫይረስ የበላውን አሮጌ ነገር ሁሉ አጥፍቶ ሊኑክስ የሚባለውን ጫነበት። ሊኑክስ ማለት ከሥር ሆኖ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓት ነው፤ አሮጌ ነህ ብሎ አይንቅም። ብዙውን ሥራ የምታሠሪው ግን ጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ እየጻፍሽ ነው። አንዲት ፊደል ከሳትሽ አላውቀውም ብሎ ይመልስልሻል። ደሞዜ አጠገቤ ተቀምጦ ሦስት ቀን አሳየኝና “ከዚህ በኋላ ራስሽ ተሳሳቺ፣ እየተሳሳትሽ ነው የምትለምጂው” ብሎኝ ሄደ።

ተሳሳትሁም። ፕሮግራሙን ልጫን ስል ያለ እገሌ ፕሮግራም አልገባም ይላል። እገሌን ፈልጌ ሳመጣ እሱ ደግሞ ያለ ሌላ አልገባም ይላል። ትምህርት ቤታችን ኢንተርኔት የለውም፤ የጎደለውን በወረቀት ጽፌ ከተማ ወርጄ፣ በፍላሽ ቀድቼ፣ ዳገቱን በባጃጅ እመለሳለሁ። ስመለስ ሌላ ጎድሎ አገኘዋለሁ። አንድ ቀን ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ጠፋና ሁሉንም እንደ አዲስ ጀመርሁ። በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ውጭ ፀሐይ እያለ፣ በጠረጴዛዬ ላይ ሌሊት ሆነ። ከዋክብቱ በሙሉ ወጡ። ደብረ ታቦርን መርጬ፣ ከፍታዋን ጽፌ፣ “ቴሌስኮፑን አገናኝ” የሚለውን ነካሁ፤ ተገናኘ። ወርቅነሽ የምትባለው ጸሓፊያችን ሮጣ መጣች፤ ምን ሆንሽ፣ ለምን ታለቅሻለሽ አለችኝ። የማለቅስ አልመሰለኝም ነበር።

ደስታው አልቆየም። ከማኅበሩ የመጣው ወረቀት “በኅዳር ዐሥራ ስምንት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ የሚታዩ” ብሎ ሦስት ከዋክብት ዘርዝሯል። በቀን ሆነን ሰዓቱን ወደ ምሽት አዙረን ወደ ሦስቱም እንድናነጣጥር ነው። የኮምፒውተሩ የሰዓት ባትሪ የሞተ ስለሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑንም ሰዓቱንም የምሞላው እኔ ነኝ። ሞላሁ። የመጀመሪያውን ኮከብ ስለው ዞረ። ሁለተኛውን ስለው አልዞርም፣ ኮከቡ ከአድማስ በታች ነው አለኝ። ሦስተኛውንም እንዲሁ። ወረቀቱ ይታያል ይላል፣ ማሽኑ አይታይም ይላል።

ዐሥር ቀን ታገልሁ። አጥፍቼ ጫንሁ። ደሞዜም መጥቶ አየው፣ ስሕተቱን አላገኘውም። አቶ ይሻው በበሩ በኩል ባለፉ ቁጥር አንገታቸውን ብቅ አድርገው አይተው ይሄዳሉ። ኅዳር ዐሥራ አራት ቀን ግን ገብተው “ልጄ፣ ለፍተሻል፤ ነገ ደብዳቤውን ልጻፍ” አሉኝ። እስከ ነገ ማታ ታገሡኝ አልኋቸው።

እዚህ ላይ እምዬ ቀስ ተብሎ ይነበብልሽ።

እሳቸው ከወጡ በኋላ የስሕተቱን ጽሑፍ ማንበብ ሰለቸኝና በመስኮቱ ላይ ያለውን ሰማይ ዝም ብዬ አየሁት። በወረቀቱ ላይ የሌሉት፣ በመስመር የቆሙት ሦስቱ ከዋክብት ልክ አናት ላይ ነበሩ። የሆነ ነገር ቅር አለኝ። በኅዳር አውድማ ስንጠብቅ ትዝ አለኝ፤ እኔ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ወንድሜ ሙሉቀን አጠገቤ እያንኮራፋ። አባዬ በጣታቸው እያሳዩ “እራት በልተን ስንጋደም ሦስቱ ገና በጉና ተራራ በኩል ብቅ ይላሉ። አናታችን ላይ ሲደርሱ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኗል፤ ያን ጊዜ እኔ እነቃለሁ፣ አንቺ ተኚ” ይሉኝ ነበር።

የምሽት ሁለት ሰዓት ነው ያልሁት ሰማይ የሌሊት ስምንት ሰዓት ሆኖ ቁጭ ብሏል። ቀኑን በጥንቃቄ ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ለውጬ ነበር የምሞላው፤ ሰዓቱን ግን እንደኛው፣ ሁለት ብዬ። ኮምፒውተሩ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ ሃያ አራት ስለሚቆጥር ለእሱ ሁለት ሰዓት ማለት የእኛ የሌሊት ስምንት ነው። የእኛን የምሽት ሁለት ለማለት ሃያ ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ሃያ ብዬ ጻፍሁ። ሰማዩ ሁሉ ወደ ኋላ ተሽከረከረ፤ በመስመር የቆሙት ሦስቱ ወርደው በምሥራቅ፣ ከአድማሱ ጥቂት ከፍ ብለው ቆሙ። ልክ እራት ተበልቶ ሲያልቅ በሚቆሙበት ቦታ። ከወረቀቱ ሁለተኛውን ኮከብ ጠራሁት፤ ዞረ። ሦስተኛውንም ጠራሁት፤ ዞረ።

ሮጬ ለአቶ ይሻው መንገር ነበረብኝ። ግን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ ቀረሁ። የሙሉቀን አርባ ዕለት፣ ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት፣ ወንድምሽ የለም፣ ተመለሽና መሬቱን ያዢ ስባል የመለስሁት መልስ መጣብኝ። “ዕድሜዬን አፈር ስገላብጥ ለመጨረስ አልተማርሁም። እናንተስ ከአፈር በቀር ምን ታውቃላችሁ?” ነበር ያልሁት። አንቺ ፊትሽን በነጠላሽ ሸፈንሽ። ሰዉ አንገቱን ደፋ። አባዬ ምንም አልተናገሩም፣ እስከ ዛሬም አልተናገሩም። አለመመለሴ ጥፋት ነው አልልም፤ ሥራዬን እወደዋለሁ፣ ይህን መደበቅ አልችልም። ያ ቃል ግን ውሸት ነበር። ስናገረውም ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር። ሐዘኑ ነው ያናገረኝ ብል ደግሞ ግማሹ ብቻ ነው እውነት። አፍሬባችሁ ነበር። አሁን የማፍረው በሌላ ነው።

በዐሥራ ስምንት መርማሪዋ መጣች። ሕሊና ትባላለች፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙ አትበልጥም። አቶ ይሻው፣ ደሞዜና ያ የሳቀው መምህር ከኋላ ቆሙ። የመጀመሪያውን ኮከብ አሳየሁ። ወደ ሁለተኛው ስዞር መብራት ጠፋ። ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ሲመጣ የኮምፒውተሩ ሰዓት እንደ ልማዱ ጠፍቶ፣ ከብዙ ዓመት በፊት ያለ ቀን ይዞ ተነሣ። ሁሉም እያዩኝ ቀኑን ሞላሁ። ሰዓቱ ላይ ስደርስ ሃያ ብዬ ጻፍሁ። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም አሳየኋት።

ሕሊና ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። “ብዙ ትምህርት ቤት የሚወድቀው እዚህ ሰዓቱ ላይ ነው። ማን ነገረሽ?” አለችኝ። ማንም አልነገረኝም፣ ከዋክብቱ ያለ ሰዓታቸው ቆመው አይቼ ነው አልኋት።

“ኮከብ አይተሽ ሰዓት ታውቂያለሽ? የት ተማርሽው?”

“አባቴ ናቸው ያስተማሩኝ።”

አቶ ይሻው ከኋላዬ ሆነው መምህር ናቸው እንዴ ብለው ጠየቁ። “ገበሬ ናቸው” አልሁ። ሕሊና ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው። ምን ብላ እንደጻፈች አላየሁም። እንዲህ ዓይነት ሰው በሕይወት ካሉ የሚያውቁት ሳይጻፍ እንዳይቀር አለችኝ። አሉ አልኋት።

ትናንት መልሱ መጣ። ቴሌስኮፑ በጥር ይደርሳል። በኃላፊነት የምረከበው እኔ ነኝ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ለተማሪዎቹ አሳያለሁ። ያ መምህር ልጁን በመጀመሪያው ቀን እንዳስገባለት ለመነኝ። አስገባዋለሁ፤ ቂም አልያዝሁበትም። ደሞዜ ደግሞ አዲስ የሰዓት ባትሪ ገዝቶ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ። ስለ ደሞዜ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። አሁን እንዳትጠይቂኝ።

አሁን ለተማሪዎቹ የከዋክብቱን ስም በአማርኛ በሰፊ ወረቀት ላይ እየጻፍሁ ነው፤ ፕሮግራሙ የፈረንጁን ስም ብቻ ነው የሚያውቀው። አንድ ቦታ ባዶ ቀረብኝ። በመስመር ከሚቆሙት ሦስቱ ከዋክብት በኋላ፣ ከእነሱ ዝቅ ብሎ የሚወጣ ነጭ ኮከብ አለ፤ ከሁሉም እሱ ያበራል። አውድማው ላይ ስሙ ሲጠራ እሰማ ነበር፣ ግን ሁልጊዜ ያን ጊዜ እንቅልፍ ይወስደኝ ስለነበር ቃሉ አልያዘልኝም። የከተማውን ሰው ሁሉ ጠይቄ አጣሁት። አንቺም እንደማታውቂው አውቃለሁ፤ በዚያ ሰዓት አንቺ ቤት ነበርሽ። ስሙ ከተገኘ በጽሑፍ ይሁንልኝ፤ በቃል ከሆነ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ ትረሳዋለች። አንዲት ቃል ብትሆንም ይበቃኛል።

ለልደት የአምስት ቀን ፈቃድ አለኝ። የት እንደማሳልፈው ለአቶ ይሻው ገና አልነገርኋቸውም።

ፈጣሪ ጤናችሁን ይስጥልኝ። ከብቶቻችሁን ከበሽታ፣ ክምራችሁን ከእሳትና ካለጊዜው ዝናብ ይጠብቅላችሁ። የሙሉቀንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። ጉልበታችሁን ስሜያለሁ።

ልጃችሁ