ያረረው ምስርና የረዘመው ፊልም

የአክስቴ ልጅ፣

ድስቱን ውሃ ሞልቼበታለሁ፤ እንዳትፈገፍገው፣ ይዘፍዘፍ።

ምስሩ ያረረው በእኔ ጥፋት አይደለም። «ሰው በፊልሙ የሳቀው ተቆራርጦ ስለወጣ ነው፤ ዳይሬክተሩ ራሱ ያረዘመውን እይና እጅህን አፍህ ላይ ትጭናለህ» ያልከኝ አንተ ነህ። ይኸው ዛሬ ጠዋት አየሁት። ያ የሚበር ሰውዬ ድሮ ሁለት ሰዓት ነበር የሚያናድደኝ፤ አሁን አራት ሰዓት ሙሉ አናደደኝ። ካባውን ሲለብስ ምስሩ በሰለ፤ ሲያወልቅ አረረ።

ያረረ ነገር እሳት ላይ ስለቆየ ብቻ አይጣፍጥም። ካላመንክ ድስቱን ጠይቀው።

መስኮቱን ክፈተው፣ ቤቱ አሁንም ጭስ ጭስ ይሸታል።

ትናንት ፊት ለፊትህ «አንተ ጣዕም አታውቅም» ያልኩህ ነገር...

ይሁን። ሥራ ረፍዶብኛል።

ጎረቤታችን ጭሱን አይታ ስትሮጥ መጥታ ነበር። «ሲያለቅስ አገኘሁት» ብላ ታወራልህ ይሆናል። ጀግናው ከተማውን ሙሉ አድኖ ቤቱ ሲገባ እናቱ «እራት በላህ?» የምትለው ቦታ ላይ ነበርኩ። ያንን ከአጭሩ ላይ የቆረጠውን ሰውዬ እናት አልወለደችውም?

ለማንኛውም ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር በላት።

ስትመጣ ሽንኩርት ይዘህ ና። ካለቀብን ሰንብቷል።