ለታደሰ የሰጠሽው ፈትል

አልጋነሽ፣ በድለሽኛል። ሸማኔ ባል እያለሽ ታናሽ ወንድሜ በሠራው ኩታ ተገንዘሽ ተቀበርሽ። ይህን አስቀድሜ ካልሁ በኋላ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ከተለየሽኝ ሁለት ክረምት አለፈ።

የቤታችንን ነገር ታውቂዋለሽ። አያቴ በቆፈረው የሽመና ጉድጓድ አባቴ ተቀመጠ፤ ከእሱ በኋላ ሌላ ጨምረን እኔና ታናሼ ታደሰ ጎን ለጎን ተቀመጥን። የላስታ ካህን ለበዓል፣ የኩልመስክ ሙሽራ ለሠርግ የእኛን ሸማ ሲለብሱ ኖሩ። ጥለት ያስተማረኝ የለም፤ አሮጌ ነጠላ እየተረተርሁ ራሴ ነው የለመድሁት። አንቺ ፈተልሽ፣ እኛ ሠራን። ቀበሌው ሸማኔውን ሁሉ ማኅበር ግባ ሲል ታደሰ ከጎኔ ተነሥቶ ቀድሞ ገባ። እኔ ግን ሸማዬ ከማንም ሸማ ጋር በአንድ ክምር አይሸጥም አልሁ፤ ዛሬም እላለሁ። ያን ጊዜ ደግ አደረግህ ብለሽኝ ነበር። ከእኔ ወገን ያለሽ መስሎኝ ኖርሁ።

ያረፍሽ ዕለት ሴቶቹ ሳጥንሽን ከፍተው ኩታውን አወጡ። ፈትሉ የአንቺ ነው፤ እንዲያ ያለ ቀጭን ግን ለእኔ አምጥተሽልኝ አታውቂም። ጠርዙን ስዳስሰው የታደሰን እጅ አወቅሁት። ማጉን ሲመታ ያላላል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ያላላል። ከቀብር መልስ ታደሰን ያዝሁት።

«አያ፣ እሷ ናት ያዘዘችኝ። እንዳልነግርህ አስምላኝ ነው» አለ።

ለምን ለአንተ አልሁት።

«እኔ እጅሽ ይባረክ እላታለሁ። አንተ ቋጠሮ ትፈልግበታለህ።»

ቋጠሮ ያለውን ቋጠሮ አለው ብያለሁ። ከተጋባን ጀምሮ ግን ከአንቺ በቀር በማንም ፈትል ሠርቼ አላውቅም። ይህ ምስጋና ካልሆነ ምስጋና ምን እንደሆነ አላውቅም።

ዛሬ ማኅበሩ የፋብሪካ ክር ያመጣል፤ እንዝርት የምትይዝ ሴት እየጠፋች ነው። ልጃችን በላይነሽም እዚያው ገብታ ክር ታጠነጥናለች። ቅዳሜ ገበያ ሰው የታደሰን ሸማ ሲያገላብጥ ካየሁ መንገድ እቀይራለሁ።

በቀደም በላይነሽ ቤት ስትጠርግ ከኩታው የተረፈውን ፈትል አገኘችው። «አባዬ፣ ዓይንህ ደክሟል፤ አጎቴ ይሥራው» አለችኝ። አልሰጠሁም። ማታውን ታደሰ ራሱ መጥቶ ደጃፍ ቆመ። «አያ፣ ድሩን አንተ ዘርጋው፣ እኔ ልወርውር። የአባታችን ቤት እንደ ድሮው ይሁን» አለ። እሺ ብለው ኖሮ ከጎኔ ያለው ባዶ ጉድጓድ ሰው ያገኝ ነበር። ሂድ አልሁት። የአንቺን ፈትል ሁለተኛ እጁ አይነካውም።

ብቻዬን ጀምሬዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ሠርቼ ስንዝር አይሞላም። ሲያልቅ ለብሼው ገነተ ማርያም፣ መቃብርሽ ድረስ እመጣለሁ። ታደሰም መምጣቱ አይቀርም፤ በሌላ መንገድ ይምጣ።

በሕይወት እስካለሁ አስብሻለሁ። የኩታውን ነገር ግን ተናግሬ ጨርሻለሁ። ለበላይነሽም፣ ለነፍስ አባቴም፣ ለአንቺም ዳግመኛ አላነሣውም።